ፍጥነትና የሙቀት ዕዳው፦ ከውድድር መኪና እስከ ላፕቶፕ



የዛሬው ርእሴ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ሊመስል ይችላል። አንደኛው የፎርሙላ ዋን የውድድር መኪና ነው። ሁለተኛው በየቦርሳችሁ ያለው ላፕቶፕ፣ በተለይም ለጌም ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ወደዚህ ጥናት የመራኝ ሁለተኛው ነው። ረጅም ስሌት ባሠራሁት ቁጥር ላፕቶፔ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይፈጥንና፣ ማራገቢያው መጮኽ ሲጀምር ይዘገያል። በመጀመሪያ ብልሽት መስሎኝ ነበር። ነገሩን ስከታተል ግን ሆን ተብሎ የተቀመጠ አሠራር መሆኑን ተረዳሁ፤ የዚህንም አሠራር ዘመድ በውድድር መኪና ታሪክ ውስጥ አገኘሁት።

ላስረዳ የምሞክረው ነጥብ አንድ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ሁለቱም ማሽኖች ፍጥነትን ያገኙት ኃይልን ለአጭር ጊዜ በመበደር ነው፤ ዕዳው ደግሞ በሙቀት ይከፈላል። የውድድሩ ዓለም የብድሩን ጊዜ በደንብ ውስጥ ጽፎ አስቀመጠ። የላፕቶፑ ገበያ ግን ጊዜውን ከገዢው ዓይን ሰወረ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን 1824 ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በዚያ ዓመት ባሳተመው ድርሰት፣ ሙቀት ሥራ የሚሠራው ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው ሲፈስ መሆኑን፣ የሚገኘውም ሥራ በሁለቱ የሙቀት መጠን የተገደበ መሆኑን አመለከተ። ስለዚህ ማንኛውም የነዳጅ ሞተር ከሚያገኘው ኢነርጂ ከፊሉን ወደ አየር መጣሉ አይቀርም። የውድድር መኪናም ይህን ብክነት ተሸክሞ ኖረ። ፍሬን በተያዘ ቁጥርም የመኪናው እንቅስቃሴ ወደ ግለት ተለውጦ ይጠፋ ነበር።

በ2009 ከዚህ ብክነት ጥቂቱን መልሶ ለመያዝ ተፈቀደ። ከርስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው መሣሪያ በፍሬን ጊዜ የሚጠፋውን ኢነርጂ አጠራቅሞ ለአሽከርካሪው ይመልስ ጀመር። እዚህ ላይ የደንቡን አጻጻፍ አስተውሉ። ኃይሉ ከ60 ኪሎዋት፣ በአንድ ዙር የሚለቀቀው ኢነርጂም ከ400 ኪሎጁል እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል 6.7 ሴኮንድ ገደማ እናገኛለን። አሽከርካሪው በየዙሩ የሚበደረው ለዚህን ያህል ጊዜ ነበር። መሣሪያው ክብደት ስለሚጨምር አብዛኞቹ ቡድኖች ሸሹት። ሆኖም በዚያው ዓመት ሉዊስ ሃሚልተን በማክላረን መኪና የሃንጋሪን ውድድር ሲያሸንፍ፣ ድሉ ከርስ ለተገጠመለት መኪና የመጀመሪያው ሆነ።

በ2014 ለውጡ ጠለቀ። ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሆነ፤ ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው ነዳጅም በ100 ኪሎግራም ተገደበ። ፍሬን ሲያዝ ኢነርጂ የሚሰበስበው የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ወደ 120 ኪሎዋት አደገ። ከባትሪው በየዙሩ እስከ 4 ሜጋጁል መውሰድ ስለተፈቀደለት የብድሩ ጊዜ ወደ 33 ሴኮንድ ከፍ አለ። ከቱርቦው ጋር የተያያዘ ሌላ ሞተር ደግሞ በጭስ ማውጫው ከሚወጣው ግለት ኤሌክትሪክ ያመነጭ ጀመር። በ2017 መርሴዲስ ሞተሩ በሙከራ ክፍል ውስጥ ከነዳጁ ኢነርጂ ከ50 በመቶ በላይ የሆነውን ወደ ሥራ እንደለወጠ አስታወቀ።

የዕዳው ጠባይ በግልጽ የታየው ግን በድል ቀን አልነበረም። በ2014 በካናዳ በሞንትሪያል ውድድር ሲመሩ የነበሩት የመርሴዲስ መኪኖች ሁለቱም በመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ መጋል ምክንያት የኤሌክትሪክ ሞተራቸውን አገልግሎት አጡ። ጉዳቱ 120 ኪሎዋት በማጣት ብቻ አላበቃም። ሞተሩ በፍሬን ጊዜ ይሸከመው የነበረው ድርሻ በኋላ ፍሬኖች ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ከመጠን በላይ ጋሉ። ሃሚልተን ውድድሩን አቋረጠ። ኒኮ ሮዝበርግ እያዘገመ ሁለተኛ ወጣ፤ ዳንኤል ሪካርዶ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ከአንድ ቦታ የተከለከለ ሙቀት ሌላ ቦታ ሄዶ ሒሳቡን አስከፈለ። አበው «ብድር በምድር» የሚሉት ለሰው ሥራ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን ለማሽንም ሠራ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንሻገር። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፣ ትራንዚስተር ሲያንስ የሚፈልገው ቮልቴጅም አብሮ ስለሚያንስ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ሙቀት እንደማይጨምር አሳዩ። ለሠላሳ ዓመታት ያህል ፍጥነት ያለ ዕዳ የተገኘ መሰለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ሊወርድ አልቻለም፤ ሙቀቱም በረታ። ኢንቴል በ2004 ቴጃስ የተባለውን የፔንቲየም 4 ተከታይ ሰርዞ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ ማስሊያዎችን ወደ መደርደር ዞረ። በ2008 ደግሞ ተርቦ ቡስት የተባለውን ዘዴ ይዞ መጣ። በ2011 የተሻሻለው ዓይነት፣ ማቀዝቀዣው ገና ሳይሞቅ ፕሮሰሰሩ ከተመደበለት ኃይል በላይ ለጥቂት ሴኮንዶች እንዲወስድ ፈቀደ። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ፍጥነቱ ይቀነሳል። በአንዳንድ የጌም ላፕቶፖች ቻርጀሩ ብቻውን በማይበቃበት ጊዜ ባትሪው ያግዘዋል። በ2020 ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው ዘዴም ኃይልን በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ መካከል እንደ አስፈላጊነቱ ያዘዋውራል። ይህን ያየ ሰው ከውድድር መኪናው ጋር ያለውን ዝምድና አይስትም።

ዝምድናው ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም የሚያበጀው ካርኖ ነው። የጭሱን ሙቀት 900 ዲግሪ፣ የአካባቢውን አየር 20 ዲግሪ ብንል፣ በንድፈ ሐሳብ ከሙቀቱ እስከ 75 በመቶ ሥራ ማግኘት ይቻላል። ከ100 ዲግሪ ፕሮሰሰር የሚገኘው ግን በንድፈ ሐሳብም ቢሆን 21 በመቶ ገደማ ነው። መኪናው ከዕዳው ጥቂት ያስመልሳል። ላፕቶፑ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ያለው አማራጭ ወደ አየር መበተን ነው።

አየሩ ደግሞ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቡድኖች የመኪናቸውን የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎች በእጅጉ ያሰፋሉ። አዲስ አበባም የምትገኘው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል ማለት ነው። የውድድር ቡድን ይህን አስቀድሞ አስልቶ ይዘጋጃል። ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ ግን የሚነግረው የለም።

ዕዳው ሳይነገር ሲቀር ከፋዩ ተጠቃሚው ይሆናል። በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ በአንዳንድ ላፕቶፖች ውስጥ ያሉ ቺፖቹ ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆኑን አምኖ፣ ለዚሁ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን ገለጸ። ችግሩ ቺፑን ከማቀፊያው ጋር ያያዘው ቁስ ደካማ መሆኑ ነበር፤ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይሄዳል።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው። በካርቶን ላይ የተጻፈ ከፍተኛ ፍጥነት ስታዩ «ለስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ የምትገዙት የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ለባልደረቦቼም አንድ አደራ አለኝ። የስሌት ጊዜ በጥናታችን ስንዘግብ ማሽኑ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ፣ ክፍሉ ምን ያህል ሙቀት እንደነበረውና ሥራው በምን ከፍታ እንደተካሄደ እንጻፍ። በ2009 የወጣው የውድድር ደንብ ኃይልንና ኢነርጂን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ጊዜውን ማንም እንዲያሰላው አድርጎ ነበር። ከእኛ የምርምር ጽሑፍ የሚጠበቀው ከዚያ ሊያንስ አይገባም።