የአዲስ አበባ የምርጫ ወረዳ (በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን)
ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ የተመረጠበትና በኋላ የቀረ የምርጫ ወረዳ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴ የመምረጡን ሥራ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ሰጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው በ1948 ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው። 30,000 ነዋሪ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለየ50,000ው ተጨማሪ አንድ ይገባው ነበር። 21 ዓመት የሞላው፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት ሞልቶት በወረዳው ነዋሪና ባለንብረት መሆን ነበረበት። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ወይም ፒያሳ ጓሮ በደባልነት የሚኖር ጸሐፊ ይመርጥ ነበር እንጂ ንብረት ከሌለው አይመረጥም ነበር። ፓርቲ ስላልነበረ ዕጩው የሚቆመው በስሙና በዝምድናው ነበር። በመጀመሪያው ምርጫ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ሲያወርድ አራት ኪሎ ያለውን ፓርላማም ዘጋ፤ ወረዳውም አብሮ ቀረ።