የባሕር ዳር ምሽግ ከስሜን ተራራ ሲታይ

ዳባት ከባሕር እጅግ የራቀች የደጋ ከተማ ናት። ስለዚህ የታሪክ መምህራችን «በኢንሳይክሎፔዲያ ስለ ጥንታዊ የባሕር ዳር ምሽጎች የተጻፈውን አንብባችሁ መዝኑ» ብለው ባዘዙን ጊዜ ብዙዎቻችን ፈገግ አልን። ባሕርን በዓይኑ ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረምና። እኔም በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ ይረዳኛል ብዬ ሥራውን ጀመርሁ። ሆኖም እያነበብሁ በሄድሁ ቍጥር ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የደጃችን ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

የመዘንኋቸው መጻሕፍት ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1910 እና በ1911 የታተመው የኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ 11ኛ እትም ሲሆን፣ ሁለተኛው በጀርመን አገር ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ነው። መምህራችን ከጎንደር ያመጡልንን ቅጂ ተቀባብለን አነበብነው። ዓመታቱን ሁሉ በመጻሕፍቱ እንዳሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

ብሪታኒካ ስለ ምጽዋ የሚነግረን በአጭሩ ነው። ቱርኮች ደሴቲቱን በ1557 ያዙ፤ በ1865 ለግብፅ ለቀቁ፤ በ1885 ኢጣልያኖች ገቡባት። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን በመካከሉ የገባ አንድ አነስተኛ ነገር ነው። ቱርኮች በየብስ ላይ በምትገኘው በሕርጊጎ የቦስኒያ ወታደሮችን አስፍረው ነበር፤ የወታደሮቹም ሥራ ደሴቲቱን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ውሃ ማቅረብም ነበር። ምሽጉ መድፍ ነበረው፤ የሚጠጣው ግን ከየብስ ይመጣለት ነበር ማለት ነው። በ1870ዎቹ ምጽዋን ለግብፅ ያስተዳደረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከእምኩሉ ውሃ በቦይ እንዲመጣ ያደረገውም ስለዚህ ነው።

የጽሑፉ ጉድለት ጸሓፊው ምሽጉን በመርከብ ላይ እንደ ቆመ ሰው ማየቱ ነው። ማን መጣ፣ ማን ያዘ፣ ማን ለቀቀ ይለናል፤ ከግንቡ ማዶ ያለው ሕዝብ ምን እንደ ደረሰበት ግን ብዙም አይጠይቅም። እኛ ከደጋው ሆነን ብንጠይቅ ይህን እናገኛለን። የቱርክ ጦር ምጽዋን ከያዘ በኋላ ወደ ደጋ ወጥቶ በድባርዋ ምሽግ ሠራ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1578 መጨረሻ ጦሩን ድል ነሥተው ድባርዋን አስለቀቁ። ጥቂት ቈይተውም በ1579 እና በ1580 በስሜን ይኖሩ በነበሩት በቤተ እስራኤልና በመሪያቸው በራዳይ ላይ ዘመቱ። ከቱርኮች የተማረኩትንም መድፎች በብዙ ድካም ወደ ተራራችን እንዳስወጡ ታሪክ ጸሓፊዎች ይነግሩናል። እንግዲህ በባሕር ዳር የተጀመረው ነገር በባሕር ዳር አላለቀም፤ የባዕድ መድፍ በስሜን አምባ ላይ፣ በገዛ አገራችን ሰዎች ላይ ተጠመደ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ተራራውን ተመለከትሁ። ድልን መናገር ቀላል ነው፤ መድፉ ከድል በኋላ ወዴት እንደ ዞረ መናገር ግን ይከብዳል።

ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ በዚህ ረገድ ይሻላል። ሊቃውንቱ ጽሑፋቸውን በስማቸው ፈርመው፣ ምንጫቸውንም አመልክተው ጽፈዋልና። ይሁን እንጂ የፊደል ተራ የራሱ ችግር አለው። ምጽዋን የሚሻ 3ኛውን ቅጽ፣ ሠርፀ ድንግልን የሚሻ 4ኛውን ቅጽ መግለጥ አለበት። ፊደል የለያየውን ታሪክ መልሶ ማገናኘት የአንባቢው ዕዳ ነው።

ምሽግ በግንቡ ብቻ እንደማይቆም የሌሎችም አገሮች ታሪክ ያስረዳል። ፖርቱጋሎች በሞምባሳ በ1593 መሥራት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስን ኦማኖች ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 ከበቡት፤ ከመድፍ ይልቅ ረኃብና በሽታ ተከላካዮቹን ጨረሱ። በእኛም በኩል ራስ አሉላ በጥር 1887 በሰሓጢ የነበረውን የኢጣልያ ምሽግ ገጥመው አልያዙትም ነበር። በማግሥቱ ግን ለምሽጉ ርዳታ ይዞ ይሄድ የነበረውን አምስት መቶ ያህል ጦር በዶጋሊ ደመሰሱ፤ ኢጣልያኖችም ሰሓጢን ለቀው ወጡ።

የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም ስሜንንና ትግራይን ይገዙ በነበረ ጊዜ ዓይናቸው ከባሕር በር ላይ ነበረ። በ1849 ጦራቸው ወደ ቈላ ወርዶ እምኩሉን አቃጠለ። እርሳቸው በ1855 በደረስጌ በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ፤ ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። እኛ የውቤን ስም በኩራት እናነሣለን። መንደራቸው የተቃጠለባቸው የእምኩሉ ሰዎች ግን ስለ ስሜን ሰው ለልጆቻቸው ምን ብለው ነግረው ይሆን?

ዛሬ ምጽዋ፣ ሕርጊጎና ዶጋሊ ከ1993 ጀምሮ ራሷን በቻለች በኤርትራ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሄደን ልናያቸው ባንችል እንኳ አምባዎቻችን በዓይናችን ፊት ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ስለየአምባው እንጠይቅ። በላይ ማን ነበረ? በታች ማን ከበበ? ውሃውስ ከወዴት ይቀዳ ነበር? የሰማነውን በደብተራችን እንጻፍ። ኢንሳይክሎፔዲያ ጎደለ ብሎ መውቀስ ለተማሪ አይበቃውም፤ የጎደለውን ለመሙላት ቢያንስ አንድ ገጽ መጨመር ይገባዋል።