«ሲስት» የሚሉት ነገር፦ ፒሲኦኤስ፣ ልጅ መፈለግና የሕክምናው ቅደም ተከተል ከራጉኤል አካባቢ ሲታይ

ወር በገባ በአንደኛው ቀን ጥላና ጧፍ ይዘው ወደ መርካቶ ራጉኤል ከሚገቡት እናቶች መካከል የልጅ ስለት ያለባቸው አይጠፉም። ቀኑ የራጉኤል ብቻ አይደለም፤ የልደታም ነው። ልደታ ደግሞ ልጅ አጥተው የኖሩት የሐናና የኢያቄም ታሪክ ነው። አጠገቡ ባለው በታላቁ አንዋር መስጊድም የነቢዩ ዘከሪያ ዱዓ የታወቀ ነው፤ ሱረቱ መርየም የሚከፈተው በእሱ ልመና ነው። ሁለቱም ታሪኮች በልጅ ያበቃሉ፤ ልጅ ማጣትን የሚያዩት እንደ መዘግየት ነው። የሰፈሩ ቃል ግን «መካን» ነው፤ በሩን ይዘጋዋል። ስለ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ «ሲስት የበዛበት ኦቫሪ») ከሆነ የዛሬው ሕክምና ከሰፈሩ ቃል ይልቅ ለሐና ታሪክ ይቀርባል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፦ በፒሲኦኤስ ምክንያት ልጅ ለዘገየባት ሴት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ከስሙና ከቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። የአይቪኤፍ (ከማሕፀን ውጭ የሚደረግ ፅንሰት) ውድነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ከስሙ እንጀምር። የቺካጎ ሐኪሞች ስታይንና ሌቨንታል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሰባት ሴቶች ጻፉ፤ የወር አበባቸው የተዛባ፣ ኦቫሪያቸው (እንቁላል የሚያፈራው አካል) አብጦ ጥቃቅን ውሃ ቋጠሮ የሞላበት ነበር። ሐኪሞቹ ኦቫሪውን በከፊል ቆርጠው ሲያወጡ የወር አበባው ተመለሰ። የሕመሙ ስም የወጣው ከዚያ ዕይታ ነው። ቢላዋውም ከስሙ ጋር አብሮ የተጓዘ ይመስለኛል፤ ዛሬም አንዲት ሴት አልትራሳውንድ ተነሥታ «ሲስት አለብሽ» ስትባል ቀድሞ የሚመጣባት ሐሳብ «ይውጣልኝ» ነው። ግን የሚወጣ ነገር የለም። ያ ሲስት የሚባለው እንቁላል የያዘች፣ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ላይ እድገቷ የተገታ ትንሽ ከረጢት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙ አሳሳች ስለሆነ ይቀየር ብሎ ነበር።

ከረጢቶቹን የሚገታቸው ምንድን ነው? የብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን በቀላሉ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን፣ ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ከሚመጣው ኤልኤች ከተባለው ሆርሞን ጋር ሆኖ፣ ኦቫሪው የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች እንዲያበዛ ያደርገዋል። በአገጭ ላይ የሚበቅለው ፀጉርና የማይለቀው ብጉር ከዚህ የመጡ ናቸው። ከረጢቶቹ ይጀምሩና ይቆማሉ፤ አንዷ ጎልታ እንቁላሏን አትለቅም። እንቁላሉ ግን አለ፤ እንዲያውም ከሌላው ሴት ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም የተስማሙበት መስፈርት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱን ይጠይቃል፦ የእንቁላል አለመለቀቅ ወይም መዘግየት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የሚታይ የከረጢት ብዛት። አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። የታይሮይድና የፕሮላክቲን መዛባትም ተመሳሳይ መልክ ስላላቸው አስቀድመው መጣራት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት እንዳልታወቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ገምቶ ነበር።

ሕክምናውን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የሌግሮና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ፒሲኦኤስ ያለባቸው 750 ሴቶች እስከ አምስት ዙር ድረስ ገሚሶቹ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገውን ክሎሚድ፣ ገሚሶቹ ሌትሮዞል ወሰዱ። በሕይወት ያለ ልጅ የወለዱት በክሎሚድ 19.1 በመቶ፣ በሌትሮዞል 27.5 በመቶ ነበሩ። ሌትሮዞል የተሠራው ለጡት ካንሰር ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነበበች ሴት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ሥራው ግን ቀላል ነው፤ ለአምስት ቀን ኢስትሮጅንን ዝቅ ያደርገዋል፣ አንጎል ጉድለቱን አይቶ ኦቫሪውን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ይጨምራል፣ መድኃኒቱም ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የመጀመሪያው ምርጫ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዚህ ብቻውን ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት የወለዱት በሜትፎርሚን 7.2 በመቶ፣ በክሎሚድ 22.5 በመቶ ነበሩ።

ክኒን ቀላል መሆኑ ግን የራሱ አደጋ አለው። ጎረቤት የረዳትን ክሎሚድ ስም ይዞ ፋርማሲ መሄድ የተለመደ ነው። መንታ የመፀነስ ዕድል እንደሚጨምር፣ የማሕፀን ግድግዳን ሊያሳሳ እንደሚችል የሚነግር የለም። ከሁሉ በላይ እንቁላል መለቀቁን ሳያረጋግጡ ያንኑ መጠን ለወራት መድገም ዕድሜን መብላት ነው። ባልየውስ? የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ሕመም የለውም፣ ከማንኛውም ክኒን በፊት መደረግ ነበረበት። ሆኖም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ምርመራ እሱ ነው። ሚስት የማሕፀን ቱቦ ራጅ ተነሥታ፣ ጠበል ገብታ፣ የሰው ዐይን ጠግባ ካበቃች በኋላ ባል «እኔማ ጤነኛ ነኝ» ይላል፤ ማስረጃው ጤነኛ መምሰሉ ነው።

ስለ ክብደት ጠንቀቅ ብሎ መናገር ይገባል። መርካቶ ውስጥ «ተመችቶሻል፣ ወፍረሻል» ምርቃት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምትውል ነጋዴ ይህን ስትሰማ ኖራ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርስ ያው ውፍረት ወቀሳ ይሆንባታል። ክብደት ካለ ጥቂት መቀነሱ እንቁላል እንዲለቀቅ ሊያግዝ ይችላል። ቀጫጭን ሴቶችም ግን ፒሲኦኤስ አለባቸው። «ቀንሰሽ ነይ» ብሎ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴትን ማሰናበት፣ በእኔ ግምት፣ ምክር መስሎ የቀረበ እምቢታ ነው።

ክኒን ካልሠራ በአልትራሳውንድ ክትትል የሚሰጥ የሆርሞን መርፌ አለ፤ በላፓሮስኮፒ ኦቫሪውን በጥቂት ቦታ መተኮስም አለ። አይቪኤፍ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ፣ ወይም ቱቦ ከተዘጋ ወይም የወንዱ ዘር ከደከመ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት በአይቪኤፍ ጊዜ ኦቫሪዋ ከልክ በላይ ሊቀሰቀስና ሆዷ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ቻይና ውስጥ 1,508 ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ጽንሱን ወዲያው ወደ ማሕፀን ከመመለስ ይልቅ አቀዝቅዞ በኋላ መመለስ ይህን አደጋ ከ7.1 ወደ 1.3 በመቶ እንዳወረደው፣ የሚወልዱትንም ከ42.0 ወደ 49.3 በመቶ ከፍ እንዳደረገው አሳይቷል።

አገራችን ይህን ሁሉ ዘግይታ ነው የጀመረችው፤ ምክንያቱም ያሳሰበን ሌላ ቁጥር ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተ ጀምሮ ሥነ ተዋልዶ ሲባል የሚታየን መመጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማካይ የመውለድ መጠንን ለአገሪቱ 4.6፣ ለአዲስ አበባ 1.8 አድርጎ አስቀምጧል። 1.8 ውስጥ ልትወልድ ያልፈለገችውና ፈልጋ ያጣችው አንድ ላይ ተደምረዋል። የመጀመሪያው የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥር የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር። ማዕከሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ለፒሲኦኤስ አብዛኛው ሥራ ከዚያ በር በፊት፣ ጤና ጣቢያ ላይ ሊጀመር ይችላል።

ሥራው የሚጀመረውም በቆጠራ ነው። የሰፈሩ ሴቶች የወር አበባቸውን በታቦት ቀን ይይዛሉ፦ «ባለፈው ለሚካኤል መጣ፤ በዚህኛው ወር ለማርያም።» ሐኪሙ ይህን እንደ ተረት ማለፍ የለበትም። ወራችን ሁሌም ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜን እስካልገባች ድረስ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ከ12 (ሚካኤል) እስከ ቀጣዩ ወር 21 (ማርያም) ድረስ 39 ቀን ነው። ከ35 ቀን በላይ የሚሄድ ዑደት ደግሞ ራሱ ምልክት ነው። በሂጅራ የምትቆጥረዋም ወሯ 29 ወይም 30 መሆኑን ከያዘች ሒሳቡ ያው ነው። እንቁላል መለቀቁን የሚያሳየው የፕሮጀስትሮን ምርመራ በልማድ «በ21ኛው ቀን» ይታዘዛል፤ ይህ የ28 ቀን ዑደት ላላት የተሰላ ነው። ለሚካኤል የጀመረችው ሴት በ21ኛው ቀን፣ ማለትም ወር በገባ በሁለት፣ ደም ብትሰጥ ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ «እንቁላል አልለቀቅሽም» ትባላለች። ደሟ መወሰድ የነበረበት ማርያም ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ በ14፣ በአቡነ አረጋዊ አካባቢ ነበር።