ንጋት 11 ሰዓት፤ ወደ ጨንቻ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ባደርኩበት ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ከፊቴ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ነገ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። በወረቀቱ ራስ ላይ «ንጋት 11 ሰዓት፤ መነሻ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ገና ባዶ ነው።

ለአንድ ቀን ጉዞ ዕቅድ ማውጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የጥንት አገር ለማየት የተነሣ ሰው፣ ሳይወድ በግድ፣ ታሪክ ጸሐፊ ይሆናል፤ የትኛውን አይቶ የትኛውን እንደሚተው መወሰን አለበትና። የሚተወው ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያየው ይበልጣል።

ማምሻውን ሾፌሩ መጥቶ አነጋግሮኝ ነበር። ወጣት ነው፤ የተወለደው እዚያው ደጋው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ጉሙ ከቀደመን ምንም አያዩም» አለኝ። «11 ሰዓት ካልወጣን ይቅርብን።» ከዚያም እንግዳ ሁሉ የሚሰማውን ምክር ሰጠኝ፤ ጠዋት የአዞ እርባታ፣ ከዚያ ጀልባ በጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈ ዶርዜ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ልገለብጠው አስቤያለሁ። ምክንያቴን አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ከቤታችን ጀርባ አንድ ሸማኔ ነበሩ፤ የዶርዜ ሰው። እግሮቻቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሱ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ይሸምኑ ነበር። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ በመስኮታቸው ሥር እየሮጥን በሙያቸው እንሰድባቸዋለን። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። አንድ ጊዜ እናቴ ፈትሉን ሰጥታ ጋቢ አሠራችልኝና እንዳመጣው ላከችኝ። ሽማግሌው ጋቢውን አጥፈው በእጄ አልሰጡኝም፤ ዘርግተው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ። «እደግ» አሉኝ። በማግስቱ ያንኑ ስድብ ከጓደኞቼ ጋር እንደገና ጮኽኩት።

እሳቸው ከሞቱ ዘመናት አለፉ። ይቅርታ የምለው ሰው የለም። የቀረኝ ነገር ቢኖር የመጡበትን አገር ማየት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ኃጢአት እንዳልሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከመጻሕፍት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው የሚሳደበውን ሰው አጥብቀው ነቅፈው ከልክለዋል። ንጉሠ ነገሥት በአዋጅ የከለከለው ስድብ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ዐልፎ እኛ ልጆች አፍ ላይ ተገኘ! አዋጅ ድንበር ያስከብራል፤ ግብር ያስከፍላል፤ ምላስን ግን ማሰር አልቻለም። የሚደንቀው ደግሞ ተሳዳቢውም ሆነ ያሰዳደበው ሁሉ የለበሰው የእኚያኑ ሰዎች የእጅ ሥራ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ወረቀቴ ልመለስ።

በመጀመሪያው መስመር «ፀሐይ መውጫ» ብዬ እጽፋለሁ። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር፣ ከደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ደልዳላ ከፍታ ሕዝቡ «የእግዚአብሔር ድልድይ» ይለዋል። ዓባያ ከደለል የተነሣ ቀላ ይላል፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። በ1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት በዚያው ዓመት፣ ቪቶርዮ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ አሳሽ እዚህ ደርሶ ዓባያን በንግሥቱ ስም «ማርገሪታ» ብሎ ሰየመው። ጫሞም ከዚያ በፊት ዝሆን በገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ተጻፈ። ካርታዎቹ አረጁ፤ ስሞቹም አብረው አረጁ። ዛሬ ለዓሣ አጥማጁ ማርገሪታ ምን እንደሆነች ቢጠይቁት ምናልባት ፒዛ ይላችኋል። ዓባያ ግን ዓባያ ነው።

ሁለተኛው መስመር አቀበቱ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይወጣል። በአንድ ጠዋት ከቆላ ሙዝ ወደ ደጋ ገብስ፣ ከላብ ወደ ብርድ መሻገር ነው። ብዙ ጎብኚ አርባ ምንጭን ጥንታዊ፣ ጨንቻን ደግሞ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ አድርጎ ይቆጥራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ አስተዳደሩ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ለሹመኛው ምቾት ሆነ፤ ለጨንቻ ደግሞ ጸጥታ። ያቺ ጸጥታ ናት የምትስበኝ።

ሦስተኛው መስመር ዶርዜ፤ ከጨንቻ በፊት የሚደረስበት ነው። ቀኑን ሐሙስ ያደረግሁት ለዚሁ ነው፤ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል፤ የጨንቻው ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ። ቤቶቹን በሥዕል ያላየ የለም፤ ከቀርከሃ ተጠልፈው፣ በእንሰትና በቀርከሃ ገለባ ተከድነው፣ እንደ ዝሆን ፊት ወደ ፊት ግንባር አውጥተው የሚቆሙ። አዲስ ሲሠሩ እስከ 12 ሜትር የሚረዝሙ አሉ። ምስጥ ከሥር እየበላቸው ዓመት በዓመት ዝቅ ይላሉ፤ ሥራቸው ተቆርጦ እንደገና ይቆማሉ፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዷቸዋል። እኛ ቤት ሲያረጅ ይፈርሳል እንላለን። የዶርዜ ቤት ሲያረጅ ያጥራል፤ እንደ ሽማግሌ።

ገበያው ውስጥ የምፈልገው ግን ቤት አይደለም፤ ጥጥ ነው። በጋሞ ሴቶች ይባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ደጋው በእንሰትና በገብስ ይኖራል፤ ጥጡ ከቆላ ይመጣል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ሸማኔው ሙያውን ተሸክሞ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ደጋው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ መንገዱ እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ተዘረጋ። የእናቴ ፈትል ከእኚያ ሽማግሌ እጅ የገባው በዚህ ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን አስተሳሰብ አጥንቷል፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም እንዲህ ያለ ነገር ያነሣል፦ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾምም ይጾማል ይላሉ። ሆኖም ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቶቻቸውን ከነብር ይጠብቃሉ። ምሁሩ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ትልቅ ክርክር ገነባ። እኔ ሳነብበው ሳቅሁ። የነብሩን ጾም ያምናሉ፤ በግ ግን አያሳድሩበትም! ከእኛ መካከል ስለ ሰው ልጅ በጎነት እንዲህ የማያምን ማን አለ?

አራተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ይዘገያል። «ዱቡሻ» ብዬ ጽፌ አቆምኩ።

ዱቡሻ የጋሞ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አደባባይ ነው። የጋሞ ምድር ጥንት በአንድ ንጉሥ ሥር የሚያድር አልነበረም፤ ወደ 40 የሚደርሱ «ደሬ» የሚባሉ አገሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም የራሱ ሹማምንትና የራሱ ጉባኤ ነበረው። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ ነገሩ እስኪስማሙበት ድረስ ይመከርበታል። እኛ በትምህርት ቤት የሕዝብ ጉባኤን ታሪክ ስንማር አቴና ተነገረን። ከአዲስ አበባ አንድ ቀን በመኪና በሚደረስበት ደጋ ላይ ያለውን አደባባይ የነገረን አልነበረም።

ዱቡሻ የድንጋይና የሣር ሜዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ10 ደቂቃ አይቼው ባለፍኩ። ግን መስከረም 2011 ዓ.ም. አለ። በአዲስ አበባ ዳር፣ ቡራዩ ውስጥ፣ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች፣ ከእነሱም መካከል ሸማኔዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በባህላቸው ሣር የያዘ ሽማግሌ ተራምዶ አይታለፍም። ወጣቱም ተመለሰ።

ሥዕሉን ያየሁት አዲስ አበባ፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው። ጉልበታቸው ጭቃ ላይ ነው፤ እጃቸው ላይ ሣር ብቻ። አንገታቸው ላይ ያለው ጋቢ ግን የማውቀው ጋቢ ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው ሰዎች ለሌላው ልጅ ነፍስ ሲለምኑ፣ እኔ በልጅነቴ ለእነዚህ ሰዎች የሰጠሁትን ስም አስታወስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ ጉዞ ዕዳ የሆነብኝ።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የማይደረስባቸውን ጻፍኩ። አንደኛው ሞታ ዋሻ ነው። በ2004 ዓ.ም. በዚያ ዋሻ ውስጥ፣ እዚሁ ጋሞ ደጋ ላይ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አፅም ተገኘ። «ባይራ» ብለው ሰየሙት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ጥናት ሙሉ የዘር ቅንጣቱ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ አደረገው። ሁለተኛው የአባ ባሕርይ አገር ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለ ኦሮሞ ታሪክ የጻፈው፣ ሥራዎቹን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1995 ዓ.ም. አሰናድተው ያሳተሙለት ካህን፣ የጋሞ ሰው ነበር። ከአንዱ አንድ አጥንት፣ ከሌላው ጥቂት ገጽ ብራና ቀረልን።

እዚህ ነጭ ሣር ሜዳ ላይ በ1990 እ.ኤ.አ. አጥኚዎች የአንዲት ወፍ ክንፍ ከመንገድ ላይ አነሡ፤ ክንፍ ብቻ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከዚያች አንዲት ክንፍ ተነሥተው ለአዲስ የወፍ ዝርያ ስም አወጡ። የእኛም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ በእጃችን ያለችው ክንፍ ናት። ወፊቱን ካላየን ብለን ክንፏን መጣል ግን አይገባንም።

እኩለ ሌሊት ዐለፈ። ወረቀቴን ደግሜ አየሁት። የአዞ እርባታውን ሰረዝኩ፤ ጀልባውንም ሰረዝኩ። የቀሩት አራት መስመሮች ናቸው፤ ፀሐይ መውጫ፣ አቀበቱ፣ ዶርዜ፣ ዱቡሻ። ለዱቡሻው ሰዓት አልመደብኩለትም። ምን እንደማደርግበትም አልጻፍኩም። ምናልባት ዳር ላይ ጥቂት እቀመጥ ይሆናል።

ጨንቻ ብርድ ነው ብሎኛል ሾፌሩ። ከሻንጣዬ ሥር ያንን ጋቢ አወጣሁት፤ ጥለቱ ደብዝዟል፤ ማጉ ግን እንዳለ ነው። ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት፤ መብራቱንም አጠፋሁ።

መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ 11 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ነበር። «ጋሼ፣ ነቅተዋል?» አለ ሾፌሩ ከውጭ።

«ነቅቻለሁ» አልኩት፤ ጋቢዬን እየደረብኩ።