ፊደልና ቁጥር፦ በአማርኛ ድረ ገጽ የመሥራት አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ድረ ገጽ ለመሥራት ገና ለሚነሣ ጀማሪ ነው፤ መነሻዬ ግን እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ መጽሐፍ በአብዛኛው የሚባዛው በብራና ላይ በቁም ጸሐፊ እጅ ነበር። ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ቀለሙን በጥብጦ ይጀምራል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም አንድ ዋስትና ነበረው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የተጻፈውን ያነበዋል።

ኮምፒውተር ይህን ዋስትና ለጊዜው ነሥቶን ነበር። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አገራችን ሲገባ ለፊደላችን በሁሉም ኮምፒውተር የሚሠራ የጋራ ቁጥር አልነበረም። የፎንት አዘጋጆች የግዕዝን ቅርጾች በላቲን ፊደላት ቦታ፣ በየራሳቸው ድልድል አሰፈሩ። ስለዚህ ድረ ገጽ አዘጋጁ ወይ አንባቢው ያንኑ ፎንት እንዲጭን ይጠይቃል፣ ወይ ጽሑፉን በሥዕል መልክ ያቀርባል። ፎንቱ የሌለው አንባቢ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ያያል፤ በሥዕል የቀረበውም ይነበባል እንጂ በፍለጋ አይገኝም።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ፣ በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ምልክቶችን ተቀበለ። «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ሆኑ፤ ቁጥሩም በየትኛውም አገር ያው ነው።

ጀማሪው ከዚህ ታሪክ የሚቀስመው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃና አንድ ማሰሻ እንጂ ገንዘብም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። በኤችቲኤምኤል የተጻፈውን ፋይል በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ያየዋል፤ የዶሜን ስምና ማስቀመጫ የሚከራየው ከዚያ በኋላ ነው። በገጹ ራስ ላይ ግን ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 እንደተመዘገበና ቋንቋው አማርኛ እንደሆነ ያስታውቅ፤ ጽሑፉን በሥዕል አያቅርብ፤ ቅጂውንም በእጁ ያኑር።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በአሮጌው ድልድል የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ። ድልድሉን የሚያውቅ ሲጠፋ፣ ፋይሉ ሳይነካ ንባቡ ይጠፋል። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መመለስ የታሪክ ተማሪም ሥራ ነው፤ ብራናን ከምስጥ እንደ መጠበቅ እቆጥረዋለሁ።