አምስተኛ መንጃ ፈቃድ፦ ከአሰብ መንገድ እስከ ሮተርዳም ወደብ

ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን፣ ሮተርዳም ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት ወንበሩን ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ተሳቢ ይነዳሉ ሲሉ ሰማሁ» አለኝና ከኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ በጅቡቲ መስመር ነድቷል። የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ አሁን ዴን ሃግ ይኖራል። «እዚህ ይኼ ወረቀት አይሠራም፤ ከቤት መኪና ጀምረህ ተፈተን አሉኝ። ጊዜውም ገንዘቡም ብዙ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያዋጣል ወይ?»

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው አጭር ቢሆንም በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልኩም። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ እናቴ አባቴን ስትጠይቀው እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ለወጣቱ የምሰጠውን መልስ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ልጀምር።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አገራችን የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ጭነት መኪና በብዛት የገባው ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነበር። ፋሽስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለጦራቸውና ለቅኝ ግዛት ሕልማቸው ሲሉ መንገድ ጠረጉ፣ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በሱ። እነሱ ተሸንፈው ሲወጡ መንገዱ፣ አሮጌ ፊያትና ላንቺያ መኪናዎች፣ እንዲሁም ቃላቱ ቀሩ። ዛሬም በየጋራዡ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ቦሎ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሙያውን ግን የእኛ ሰዎች የተማሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን ረዳት ሆነው፣ ታኮ ተሸክመው፣ ጭነት ላይ እየተኙ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የፈራረሰው መንገድ ተጠገነ። የአሰብ ወደብ ሥራ በዛ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም ነዳጅ ማጣሪያው ተከፈተ። በዚያ ዘመን ነው አባቴ ከብዙ ዓመት ረዳትነት በኋላ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያወጣው። አምስተኛ ማለት ያኔ ተሳቢ የሚያስነዳ የመጨረሻው ደረጃ ነበር። (በኋላ የወጣው አዋጅ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ ብሎ ከፋፍሎታል።) አምስተኛ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ የተከበረ ነበር። የአባቴ መኪና ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚላት ፊያት ነበረች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል፤ ከሚሌ አልፎ አሰብ ይገባል። ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስንት ሰዓት እንደነዳ የሚቆጥርለት የለም፤ እንቅልፍ ሲያሸንፈው ከመኪናው ሥር ሰሌን ዘርግቶ ይተኛል።

እናቴ «ይኼ መሪ ምን ያተርፍልናል?» ስትለው «ልጆቹን ያስተምራል» ይላት ነበር። እውነቱን ነው፤ አስተምሮናል። እኔን «አንተ መሪ አትያዝ፣ እስክሪብቶ ያዝ» እያለ የታሪክ መምህር አድርጎኛል።

የሾፌር ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ መንግሥታት ያወቁት በችግር ጊዜ ብቻ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ያ አድማ የዘውዱን ሥርዓት ካናጉት አንዱ ነው። ደርግ ደግሞ የግል ጭነት መኪናዎችን በ«ቀጠና» አስገብቶ በተራና በታሪፍ አስሮ አሠራቸው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የዕርዳታ እህል አሰብ ወደብ ላይ ሲከመር የመኪና እጥረት የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ። አባቴ በዚያ ዓመት ቤት ያደረባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም ነበር። አንዴ ብቻ «ከኋላዬ እህል ተጭኖ፣ ከፊቴ መንገድ ዳር ሰው ወድቆ፣ እንዳልቆም የታዘዝኩበት ዓመት» ብሎኛል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባቴ ያኔ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ባለ መኪናው «ለአዲሱ መስመር ወጣት እፈልጋለሁ» ብሎ አሰናበተው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለነዳበት አንዲት ሳንቲም ጡረታ አልነበረውም። የባለ መኪናው ክፋት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ደግሞ ያረፈው በ1996። አምስተኛ መንጃ ፈቃዱ እስከ ዕለተ ሞቱ ከትራሱ ሥር ነበረች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

እኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ሆላንድ ገባሁ። የታሪክ ዲፕሎማዬን የጠየቀኝ አልነበረም። ዌስትላንድ በሚባለው የዴን ሃግ አካባቢ የመስታወት ቤቶች ውስጥ ቲማቲም ለቀምኩ፣ ሮተርዳም ውስጥ ሌሊት ቢሮ አጸዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ አባቴ አትያዝ ያለኝን መሪ ያዝኩ።

ወጣቱ የነገረኝ ትክክል ነው። ሆላንድ የእኛን መንጃ ፈቃድ እንዲሁ አትቀይርም። በነዋሪነት ከተመዘገቡ በኋላ የሚሠራው ለ185 ቀን ብቻ ነው። «የ30 በመቶ ደንብ» በሚባለው የግብር ቅናሽ የመጣ የውጭ ባለሙያ ግን ያገሩን መንጃ ያለ ፈተና ማስቀየር ይችላል። ስደተኛው ሰባት ዓመት ተሳቢ ቢነዳም ከ«ቤ»፣ ማለትም ከቤት መኪና ይጀምራል። ይህ ያስቆጣል፤ እኔም ለወጣቱ ስነግረው አፍሬአለሁ። ግን ደንቡ እስኪለወጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዳቦ አይሆንም።

ከ«ቤ» በኋላ የጤና ምርመራ አለ፤ ቀጥሎ «ሴ» የጭነት መኪና፣ ከዚያ «ሴ-ኤ» ተሳቢ። ፈታኙ ሴ-ቤ-ኤር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ከ1927 ጀምሮ የአገሩን ነጂዎች የሚፈትን ነው። ለደመወዝ ለሚነዳ ደግሞ «ኮድ 95» የሚባል የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ለጭነት ነጂዎች ከመስከረም 2009 ጀምሮ የመጣ ሲሆን በየአምስት ዓመቱ በ35 ሰዓት ሥልጠና ይታደሳል። እኔን የከበደኝ መንዳቱ ሳይሆን ቋንቋው ነበር፤ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። በጠቅላላው ከአምስት ሺህ ዩሮ በላይ ወጥቶብኛል፤ ግማሹ የዕቁብ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ምን አገኘሁ? መጀመሪያ የቀጠረኝ አገናኝ ድርጅት ሥራ ሲኖር ጠርቶ ሥራ ሲጠፋ የሚረሳኝ ነበር፤ የትርፍ ሰዓቴንም በወጉ አልከፈለኝም። ዓመት ሳይሞላኝ ለቅቄ ቋሚ ሥራ ያዝኩ። ከሮተርዳም ከተማ እስከ ባሕሩ አፍ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር በሚዘረጋው ወደብ፣ ከማስፍላክተ ኮንቴይነር አነሣ ጀመር። እዚያ ተራ ስጠብቅ ሰው የማይነዳቸው መኪናዎች ኮንቴይነር ተሸክመው ሲመላለሱ አያለሁ፤ ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠሩት። «እኛንም አንድ ቀን እንዲሁ ያደርጉናል» እንባባላለን፤ ከወደቡ አጥር ውጭ ግን እስካሁን ሾፌር ይፈለጋል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ታኮግራፍ የምትባለው መሣሪያ ናት። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳሁ አርባ አምስት ደቂቃ አርፋለሁ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አሥር ይፈቀዳል። በሁለት ሳምንት ከዘጠና ሰዓት አይታለፍም። የአርባ አምስት ሰዓቱን ሳምንታዊ ዕረፍት መኪና ውስጥ ተኝቶ ማሳለፍም ክልክል ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ካርዷ ሰላይ ናት» ይሏታል። እኔ ግን ሰሌን ላይ የተኛው አባቴ ትዝ ይለኛል። ለእሱ እንዲህ ያለ ሰላይ ቢኖረው ኖሮ እላለሁ። ከደመወዜም በየወሩ ለትራንስፖርት ዘርፍ የጡረታ ፈንድ ይቆረጣል፤ አሠሪውም ይጨምርበታል።

አሁን የምነዳው አበባ ነው፤ ከአምስተርዳም አጠገብ ካለው አልስሜር ጨረታ ወደ ዴን ሃግ አቅራቢያ ናልድዋይክ። አንዳንድ ቀን ካርቶኑ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አነባለሁ። የዝዋይ ጽጌረዳ እንዳትጠወልግ ቀዝቃዛ መኪና፣ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ቀዝቃዛ አውሮፕላን ተዘጋጅቶላታል። ማዳበሪያና ስንዴ ከጅቡቲ የሚያመጣው ወንድማችን ግን ባለፉት ዓመታት መንገድ ላይ ሲታገት፣ ሲገደል፣ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ ሲለምን ሰምተናል። አበባዋን የጠበቀ አሠራር ሾፌሩን መጠበቅ ለምን አቃተው? ይህን ጥያቄ ለሥልጣን ባለቤቶች ትቼዋለሁ።

ለወጣቱ የመለስኩለት ይህን ነው። «ወንድሜ፣ ያዋጣል፤ ግን መንጃው ብቻውን አያዋጣም። የአባቴና የእኔ መሪ አንድ ነው፤ እሱ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ነጂ ነበር። ልዩነቱ ከወረቀቱ ጀርባ የቆመው ሕግ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን አስቀድም። ገንዘቡን ሁሉ ከኪስህ አታውጣ፤ ማዘጋጃ ቤትህን ጠይቅ፣ እየሠሩ የሚማሩበትን ቤ-ቤ-ኤል የሚባለውን መንገድ ከአሠሪ ጋር ተነጋገርበት። ‹መኪና ባይኖርህም እንደ ነጋዴ ተመዝግበህ ንዳልን› ከሚልህ ሽሽ፤ ጡረታህንና የሕመም ክፍያህን ሊወስድ ነው። ሠራተኛ ማኅበር ግባ። ወገብህንም ጠብቅ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መነሣት ትዳርንም ይፈትናል፤ እኔ የልጆቼን የትምህርት ቤት በዓል ስንቱን እንዳመለጠኝ አልነግርህም።» ደግሞም አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዴን ሃግ ከ2025 ጀምሮ ወደ መሐል ከተማቸው የሚገባውን የጭነት መኪና ወደ ጭስ አልባ ለመለወጥ ደንብ አውጥተዋልና፣ ሙያው አንዴ ተምረው የሚጨርሱት አለመሆኑን አስረዳሁት።

ልጁ መንጃ ፈቃዱን መልሶ በፕላስቲኩ ጠቀለለ። «እሺ ይቺንስ ምን ላድርጋት? ልጣላት?» አለኝ። «አትጣላት» አልኩት። «እዚህ ባትሠራም ማን እንደሆንክ ትናገራለች።» የአባቴን አምስተኛ እህቴ ልካልኝ፣ እኔም ከታኮግራፍ ካርዴ ጋር በአንድ ቦርሳ ይዣታለሁ።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። የ«ቤ»ን የጽሑፍ ፈተና አልፏል።

በየመንገዱ ላሉ ሾፌሮቻችን ሁሉ ቸር መንገድ ይስጥልን።