የመስተዋቱ ጀርባ

የስፖርት መታሰቢያ ዕቃዎችን በመስተዋት ሣጥን የማኖር ሙያ ታሪክ ሲነሣ፣ ሊዘለል የማይገባው አንድ ሣጥን አለ። በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ በብራዚል የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ይገኝ የነበረው ይህ ሣጥን፣ ፊቱ ጥይት የማይበሳው መስተዋት ነበር። በውስጡም ብራዚል በ1970 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን በመሆኗ ለዘለቄታው የተረከበችው የዡል ሪሜ ዋንጫ ተቀምጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲሴምበር 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌቦች ወደ ሕንፃው ገቡ። መስተዋቱን መስበር አላስፈለጋቸውም፤ የሣጥኑ ጀርባ እንጨት ነበርና እርሱን ፈልቅቀው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ። ፈረንሳዊው ቀራፂ አቤል ላፍለር የሠራው፣ በወርቅ የተለበጠው ያ የብር ዋንጫ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለማመን የሚያስቸግረው፣ ይኸው ዋንጫ ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ በተመሳሳይ መንገድ ተሰርቆ የነበረ መሆኑ ነው። በማርች 1966 ዓ.ም. በለንደን፣ በዌስትሚንስተር በተከፈተ የቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ ሌቦች ከሣጥኑ በስተጀርባ የነበረውን ቁልፍ አውልቀው ወሰዱት። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከተጣለበት ያገኘው ፒክልስ የተባለ ውሻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ጣሊያናዊው የእግር ኳስ ሹም ኦቶሪኖ ባራሲ ዋንጫውን በጫማ ካርቶን አድርጎ ከአልጋው ሥር ሸሽጎት ነበር። እንግዲህ ጥይት የማይበሳው መስተዋት ያላዳነውን ዋንጫ የጫማ ካርቶን አድኖታል ማለት ነው።

የሁለቱ ሣጥኖች ስሕተት በፍሬም ሠሪ ጠረጴዛ ላይም በትንሹ ይደገማል። ደንበኛው የተጫዋች ማሊያ ይዞ ይመጣና በልክ የሚሠራ፣ ጥልቀት ያለው የመስተዋት ሣጥን ያዛል፤ የሚመርጠውም የፊቱን ነገር፣ የእንጨቱን ቀለምና የመስተዋቱን ጥራት ነው። ማሊያው ግን ከማይታየው ወገን ሊጎዳ ይችላል። ርካሽ ካርቶንና ኮምፔንሳቶ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም በዓመታት ውስጥ ጨርቁን ያወይባል፣ ክሩንም ያደክማል። ስለሆነም ለጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ያስፈልጋል። ጥልቀቱም ቢሆን ለጌጥ አይደለም። መስተዋቱ ጨርቁን ከነካ እርጥበት በመካከላቸው ይታፈናል፣ ሻጋታ ይከተላል፣ በማሊያው ላይ የታተመው ቁጥርም ከመስተዋቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። የአልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያግድ መስተዋት መደብዘዝን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም፤ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ምንም ያህል ቢያምር ማሊያውን አያድንም።

ከሁሉም የከፋው ኮላ ነው። ሥራውን ያፋጥናል፣ ማሊያውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ደንበኛውም ለጊዜው ይደሰታል። ጠንቃቃው ባለሙያ ግን በልክ የተቆረጠ ሰሌዳ በማሊያው ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ በቀጭን መርፌ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ይሰፋዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ክሩን በመቀስ ቆርጦ ማሊያውን እንደነበረ ሊያወጣው ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የዲዬጎ ማራዶና ማሊያ ያስረዳል። በ1986 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ የአርጀንቲና ቡድን ለእንግሊዝ ግጥሚያ የለበሰው ሰማያዊ ማሊያ በሜክሲኮ ሲቲ ከሚገኝ ሱቅ በችኮላ የተገዛ ነበር። ዓርማው በጥድፊያ ተሰፋ፤ ብርማ ቁጥሮቹም በካውያ ተለጠፉ። ጁን 22 ቀን በአዝቴካ ስታዲየም ማራዶና አንዱን ጎል በእጁ፣ ሌላውን ተከላካዮቹን አንድ በአንድ አልፎ ካገባ በኋላ፣ ማሊያውን ከእንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ጋር ተለዋወጠ። ሆጅም ለእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም አውሶት ማሊያው 20 ዓመት ያህል በዚያ ቆየ።

በ2022 ዓ.ም. ሶዝቢስ ማሊያውን ለጨረታ ሲያቀርበው ከማራዶና ቤተሰብ ተቃውሞ ተነሣ፤ ይህ በመጀመሪያው አጋማሽ የተለበሰው እንጂ ጎሎቹ የገቡበት አይደለም የሚል ነበር። ክርክሩን ለመፍታት ማሊያው ከግጥሚያው ፎቶግራፎች ጋር ተመሳከረ፤ የዓርማው አሰፋፍ፣ የመስመሮቹ አቀማመጥና የቁጥሩ ሁኔታ ተመረመሩ፤ ጨረታ ቤቱም ሁለቱ ጎሎች የገቡት በዚሁ ማሊያ መሆኑን አስታወቀ። ጠማማው ስፌት፣ በሌላ ጊዜ እንደ ነውር የሚቆጠረው፣ ምስክር ሆነ። አንድ ፍሬም ሠሪ ለማሳመር ሲል በካውያ ተጭኖት ወይም ዓርማውን በኮላ አቃንቶት ቢሆን ኖሮ ለዚያ ምርመራ የሚተርፍ ብዙ ነገር ባልኖረ ነበር። ማሊያው ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

የአሜሪካው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት በ1932 ዓ.ም. በቺካጎ የለበሰው ማሊያም በ2024 ዓ.ም. ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው፣ በጊዜው ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር ተመሳክሮ ነው። ይህም ጨርቅ ከተለበሰ ከ90 ዓመት በኋላ ለመመርመር በሚበቃ ሁኔታ ላይ መገኘት ነበረበት።

ጥሩ የሚባለው ባለሙያ ሣጥኑን ከመዝጋቱ በፊት ማሊያውን በፊትም በኋላም ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ፎቶግራፉንም፣ የሠራበትን ቀን፣ የክሩን ዓይነትና መርፌው የት የት እንደገባ ከሚገልጽ ወረቀት ጋር በኤንቬሎፕ ከትቶ በሣጥኑ ጀርባ ላይ ያኖረዋል።